ሮም በሦስት ቀን፦ የቱን ትበላላችሁ? የቱን ታያላችሁ? የቱንስ ትተዋላችሁ?

ሮም የሚኖር ሐበሻ ዓመቱን ሙሉ በስልክ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ሦስት ቀን አለኝ። ከዚህና ከዚያ የቱ ይሻለኛል?» አንዱ ለስብሰባ የመጣ ነው። ሌላዋ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ስትገባ መንገድ ላይ አረፍ የምትል ናት። ሌላው ደግሞ ሽማግሌ አባቱን ይዞ ቅዱስ ጴጥሮስን ሊያሳልም ይመጣል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር መላክ አልወድም። ሮምን በሦስት ቀን ላዳርስ ያለ ሰው ቤቱ ይዞ የሚገባው የሰልፍ ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የቱን እንደምመርጥ፣ ለምንስ እንደምመርጥ እነግራችኋለሁ። ብዙውን ያወቅኩት እናቴ በዓቢይ ጾም መጥታ አብሬያት ስዞር ነው። ጿሚ እናት ይዞ ሮምን መዞር ከተማዋን እንደ አዲስ ያሳያል። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ኮሎሲየም ወይስ ቫቲካን?

ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ቀን ይፈጃሉ፣ ሁለቱም እግር ይጨርሳሉ። ቀን ካላችሁ ለየብቻ አድርጓቸው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ግን ምርጫው ከማን ጋር እንደመጣችሁ ይወሰናል።

ከልጆች ወይም ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ኮሎሲየም ሂዱ። 18 ዩሮ የሚከፈልበት ተራው ትኬት ኮሎሲየሙን፣ ጥንታዊውን የሮም አደባባይ ፎረምንና የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የነበረበትን የፓላቲኖ ኮረብታ አንድ ላይ ያስገባል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ትኬቱ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጻፋል፤ በር ላይ ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩታል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ። የአባት ስም ወይስ የአያት ስም የሚለው የእኛ ነገር ብዙ ሰው በር ላይ አጨቃጭቋል።

ሰው ሁሉ ኮሎሲየሙ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ፎረሙን በሩጫ ያልፈዋል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ኮሎሲየሙን ከውጭ ከበብ ከበብ አድርጋችሁ ብታዩት ከግማሽ በላይ አያችሁት ማለት ነው። ፎረሙ ውስጥ ግን የጥጦስ የድል በር አለ። ጥጦስ ኮሎሲየሙን በ80 ዓ.ም. የመረቀው ንጉሥ ነው። እኛ የምናውቀው ግን ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ጥጦስ ብለን ነው። ከበሩ ሥር ግቡና ወደ ግድግዳው ቀና በሉ። የሮም ወታደሮች ከቤተ መቅደሱ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጿል። እናቴ እዚያ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማችው ታሪክ ከፊቷ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል።

ከሽማግሌ ወይም ለመሳለም ከመጣ ሰው ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ቫቲካን ሂዱ። ግን ቫቲካን ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ያለው የፍተሻ ሰልፍ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲከፈት ከደረሳችሁ ሰልፉ ምንም አይደለም፤ አራት ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ አደባባዩን ይዞራል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ የሚቀበሉበት ጊዜ ስለሆነ ለጉብኝት አይመችም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ በቦርሳችሁ ያዙ፤ በጋ ላይ በር ላይ ከሚሸጠው ስስ ሻሽ በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው የቫቲካን ሙዚየም ነው። መግቢያው 20 ዩሮ ሲሆን ኦንላይን ለመያዝ 5 ዩሮ ይጨመርበታል። መጨረሻው ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512 የሣለው የሲስቲን ጸሎት ቤት ነው። ሥዕሉ አፍ ያስከፍታል፤ በዚህ አልከራከርም። ችግሩ እዚያ ለመድረስ በሰው ጎርፍ ውስጥ ረጅም ኮሪደር መሄድ ነው። ወንበር የለም ማለት ይቻላል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዛችሁ አትግቡ። እኔ ገብቼ ግማሽ መንገድ ላይ ተጸጽቻለሁ።

መሳለም ለሚፈልግ ሰው ከሙዚየሙ የተሻለ ምርጫ አለ። ከከተማው ቅጥር ውጭ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሜትሮ ቢ መስመር የራሱ ፌርማታ አለው። በ1823 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው፤ የሐዋርያው መቃብር ግን እዚያው ከመሠዊያው ሥር ነው። ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ የሚገፋችሁ ሰው የለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ጋ ፎቶ አንሺው ብዙ ነው። እዚህ ግን ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ ታያላችሁ። እናቴ ከሮም ሁሉ የወደደችው ይህን ነው።

ቦርጌዜ ወይስ ነፃዎቹ ካራቫጆዎች?

ሥዕልና ቅርጽ ለሚወድ ሰው ከቫቲካን ሙዚየም ይልቅ ጋለሪያ ቦርጌዜን እመርጣለሁ። ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው፤ የሚያስገቡት በሁለት ሁለት ሰዓት እየከፈሉ ነው። ስለዚህ አይጨናነቅም። በርኒኒ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የቀረጻት፣ በሮማውያን ተረት የተጠለፈችው ፕሮሰርፒና እዚያ አለች። ጠላፊዋ ጭኗን ሲይዛት ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ ሰርጎድ ብለዋል። እብነ በረድ መሆኑን እያወቃችሁ ዓይናችሁ አያምንም። ዞር ብላችሁ በሌላው ጎን ፊቷን እዩ፤ ጉንጯ ላይ እንባ አለ።

ትኬቱ ካለቀባችሁ ወይም ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ከናቮና አደባባይ አጠገብ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ግቡ። የወንጌላዊው ማቴዎስ ታሪክ በሠዓሊው በካራቫጆ እጅ በሦስት ትልልቅ ሥዕሎች ተሥሎ በነፃ ይታያል። ሥዕሎቹ ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ስትጨምሩ መብራት ይበራል። ማቴዎስ ቀረጥ ሰብሳቢዎች መሐል ገንዘብ እየተቆጠረ ተቀምጦ፣ ጌታ ከጨለማው ውስጥ ጣቱን ሲዘረጋበት ታያላችሁ። መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል። ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ።

ፓንተዮን ከዚያ አምስት ደቂቃ ነው። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ይገባዋል። የጣሪያው ስፋትና ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመት እኩል 43 ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ዝናብ ካገኛችሁ ሩጡና ግቡ።

ትሬቪ ፏፏቴን ወይ ጎህ ሲቀድ ሂዱበት፣ ወይ ተዉት። ቀን ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ ነው። የምትወረውሩት ሳንቲም ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ስለሚውል እሱ አይቆጫችሁ።

ምግብ ከመምረጣችሁ በፊት፦ የአሳማው ጉዳይ

ይህን ማንም የጉዞ መጽሐፍ በእኛ ዓይን አይጽፍላችሁም። ሮም የምትኮራባቸው ፓስታዎች አራት ናቸው፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። ከአራቱ ሦስቱ ውስጥ ጓንቻሌ አለ። ጓንቻሌ ማለት በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ነው። በትንንሹ ተቆርጦ በራሱ ስብ ስለሚጠበስ «አውጡልኝ» ቢሉ ዋጋ የለውም፤ ስቡ ሶሱ ውስጥ ገብቷል። ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ወይም ሙስሊም ሆናችሁ አሳማ የማትበሉ ከሆነ የቀራችሁ ካቾ ኤ ፔፔ ነው። ፔኮሪኖ የሚባል የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ ከአይቡ ጋር ሲመታ ክሬም ይሆናል። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው፣ ግን እጅ ያስቆረጥማል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አሳማ የሚበላ ሰው ብሆን እንኳ ይህንኑ እመርጣለሁ።

ካርቦናራ ካልቀመስኩ አልሄድም የሚል ሰው ደግሞ ወደ አይሁድ ሰፈር፣ ጌቶ ወደሚሉት ይሂድ። እዚያ ኮሸር የሚባሉ፣ በአይሁድ ሕግ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ። አሳማ በሩን አያልፍም። ካርቦናራውን በደረቀ የበሬ ሥጋ ይሠሩታል። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ግን ዝግ ናቸው።

ሁለቱ ካርቾፎዎች

ካርቾፎ ቅርፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ያልፈነዳ አበባ የሚመስል አትክልት ነው። ወቅቱ ከክረምታቸው ማብቂያ እስከ ጸደይ ነው፤ ማለትም ከእኛ ዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ይህ ለጿሚ ትልቅ ስጦታ ነው።

የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የሮማውያን የሚባለው ነው፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በናና ዝርያና በወይራ ዘይት ድስት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ይለሰልሳል፣ ጣዕሙ ጨዋ ነው። ሌላው የአይሁዶቹ ነው። ሙሉውን እንዳለ ዘይት ውስጥ ይጠብሱታል፣ ያወጡታል፣ እንደገና በጋለ ዘይት ይደግሙታል። ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ ተበትኖ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል። ጫፉ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ ግን እንደ ድንች ይልማል። እናቴ ሳህኑ ሲመጣ «ይሄ ይበላል ወይስ ይታያል?» አለችኝ። ከዚያ ቅጠል በቅጠል እየነቀለች በእጇ በላችው። እጅ ነው የሚያምርበት፤ ሹካ አንሱ ብሎ የሚጫናችሁ የለም። ከሁለቱ እኔም እሷም የአይሁዶቹን መረጥን። ሁለቱም የጾም ናቸው።

ሰፈሩን ግን በልቶ ብቻ መውጣት አይገባም። በ1555 ጳጳሱ ጳውሎስ አራተኛ አይሁዶቹን በቅጥር የዘጉባቸው እዚህ ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1943 ናዚዎች ከሺህ በላይ ሰው ለቅመው የወሰዱትም ከሮም ነው፤ ሰዎቹን የለቀሙት ከዚሁ ሰፈር ጀምረው ነው። በየቤቱ ደጃፍ ከድንጋዩ ንጣፍ መሐል ትንንሽ የነሐስ ሰሌዳዎች አሉ። የተወሰደው ሰው ስም ተጽፎባቸዋል። ቆም ብላችሁ አንብቡ።

የጿሚ ሰው መንገድ

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሮም ላይ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የምግብ ቤቶቹ ወጥ ቤት ልክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይዘጋል። እስከ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አይከፈትም። እናቴ ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ ልትበላ ስትል ሦስት ቤት በር ላይ «ኩቺና ኪዩዛ» ተባልን፤ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ማለት ነው። መፍትሔው ፉርኖ ቤት ነው። ፉርኖ ዳቦ የምንለው ስም የመጣበት እሱ ነው። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። እዚያ ፒሳ ሮሳ ጠይቁ። ቀጭን ቂጣ ላይ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ብቻ የተቀባበት ነው፤ አይብ የለውም። በመቀስ ቆርጠው መዝነው ይሰጣሉ፤ ዋጋው በክብደት ነው። ስንት እንደምትፈልጉ በእጃችሁ አሳዩ፣ መቀሱን ወዲያ ወዲህ ያደርጉላችኋል። ከቫቲካን ሙዚየም አቅራቢያ ቺፕሮ የሚባለው የሜትሮ ፌርማታ ጋ ያለው ፒሳሪዩም በዚህ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሰልፍ አለው፣ ግን ቶሎ ይሄዳል።

ማታ ተቀምጣችሁ ከሆነ ፒሳ ማሪናራ እዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ በቃ። ብዙ ጊዜ ሜኑው ላይ ከሁሉ ርካሹ ነው። ፓስታ ከፈለጋችሁ አልዮ ኦልዮ የሚሉትን በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ የሚሠራውን ጠይቁ። ደረቁ ስፓጌቲ ዱቄትና ውኃ ነው። ትኩሱና በእጅ የተሠራው ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ልብ በሉ። ከጎኑ ቺኮሪያ አስመጡ። እንደ ጎመን ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የሚጠበስ መረር ያለ ቅጠል ነው። የአገር ቤት ጎመን ላሳደገው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ቀን ግን ተሸወድን። በአንድ ምግብ ቤት ፑንታሬሌ የሚባል ሰላጣ አዘዝን። ሥጋ አለው? የለውም። ወተት? የለውም። እናቴ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ አድርጋ «ዓሣ ዓሣ ይለኛል» አለች። ሶሱ ውስጥ የተፈጨ ጨዋማ ዓሣ ነበረበት። አስተናጋጁ አልዋሸም፤ እኛ ያልጠየቅነውን አልነገረንም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ እጠቀማለሁ፦ «ቬጋኖ»። ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ዓሣውንም በአንዴ ያስቀራል።

ትራስቴቬሬ ወይስ ቴስታቾ?

ለእራት ሁሉም ሰው ትራስቴቬሬን ይነግራችኋል። ውብ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ሐረግ የወረደበት ግድግዳ፣ ማታ ላይ ሙዚቃ። ሳንታ ማሪያ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የወርቅ ሞዛይክ ብቻውን ያስኬዳል። ለመዞር ሂዱበት። ለመብላት ግን ወንዙን ተሻግራችሁ ቴስታቾ ግቡ።

ቴስታቾ የከተማው ቄራ የነበረበት ሰፈር ነው። ከ1890 እስከ 1975 እዚያ ይታረድ ነበር። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጋር የሆድ ዕቃውን፣ ጅራቱን፣ ጭንቅላቱን ይወስዱ ነበር። የሰፈሩ ምግብ የተወለደው ከዚያ ነው። የበሬ ጅራት በቲማቲምና በሰለሪ ለሰዓታት ተቀቅሎ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይወርዳል። ጨጓራ በቲማቲም ሶስ፣ በናናና በፔኮሪኖ ይሠራል፤ በባህሉ የቅዳሜ ምግብ ነው። ዱለት ላሳደገው ሰው ይህ ሰፈር ባዕድ አይደለም። ፈረንጅ ጎብኚ ፊቱን ሲያዞር እኛ እጅ ታጥበን እንቀርባለን። የጅራቱ ወጥ አንዳንድ ቤት ጓንቻሌ ስለሚገባበት ጠይቁ። «ቼ ጓንቻሌ?» ካላችሁ ይበቃል።

ምሳ ከሆነ የቴስታቾ ገበያ ውስጥ ሞርዲ ኤ ቫይ የሚባል ሱቅ አለ። የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ዳቦ ውስጥ ይሞላሉ። ዳቦውን መረቁ ውስጥ ነከር ያደርጉታል። እንደ ፍርፍር ዳቦውና መረቁ አንድ ይሆናሉ። ቆማችሁ ነው የምትበሉት፣ እጃችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ሮም ላይ በትንሽ ገንዘብ ከበላሁት ይህን የሚያህል የለም።

በሩ ላይ ፎቶ የተለጠፈበት ሜኑ ያለው፣ አስተናጋጁ መንገድ ላይ ወጥቶ «ግቡ ግቡ» የሚለው ቤት የትኛውም ሰፈር ይሁን እለፉት። ሂሳብ ላይ ዳቦ ለብቻው ቢጻፍ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ቡና፦ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ?

ቆማችሁ ጠጡ። ባንኮኒው ጋ ቆሞ አንድ ኤስፕሬሶ ብዙ ጊዜ ከ1.20 እስከ 1.50 ዩሮ ነው። ያንኑ ስኒ አደባባይ ላይ ተቀምጣችሁ ብትጠጡ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ማኪያቶ ስታዙ አዲስ አበባ የለመዳችሁት አይመጣም፤ ትንሽ ስኒ ቡና ላይ ጠብ የተደረገ ወተት ነው። የእኛን ዓይነት የፈለገ ካፑቺኖ ይዘዝ። ፓንተዮን ጋ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉ፤ ሳንት ኤውስታኪዮና ታሳ ዶሮ። እኔ ታሳ ዶሮን እመርጣለሁ፤ የበረደ የቡና ግራኒታ አለ፣ በጾም ቀን ክሬሙን ሲተዉት ያለ ወተት ይጠጣል። አይስክሬም ያማራቸው ልጆችም የፍራፍሬውን ሶርቤቶ ይጠይቁ፤ ወተት የለበትም።

እንጀራ የናፈቀው ሰው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ይሂድ፤ የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ለሦስት ቀን ለመጣ ግን አልመክርም። ቤታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የእኛ ታሪክ ያለባቸው ሦስት ቦታዎች

ከሁሉም በላይ እዚህ ጋ መዘግየት እፈልጋለሁ። ከሁለተኛው በቀር ለእነዚህ ቦታዎች ትኬት አያስፈልግም፤ ግን ሐበሻ ሮም መጥቶ ሳያያቸው ሲመለስ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ቴርሚኒ ፊት ለፊት ነው። አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ ጥር 1887 ላይ ዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ትንሽ የግብፅ ሐውልት ነው፤ ከጣቢያው ወረድ ብሎ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ቆሟል። አዲስ አበባ ለገሀር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ዘርፈው ያስቀመጡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ኋላ ተመልሷል። ዲዮቅልጥያኖስ ማን እንደሆነ ለእኛ አይነገርም፤ ሰማዕታትን የፈጀው ንጉሥ ነው። የእሱ መታጠቢያ አዳራሽ ዛሬ የመላእክትና የሰማዕታት ቅድስት ማርያም የሚባል ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ በማይክል አንጄሎ ንድፍ የተሠራ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት ወለሉን ተሳለመች።

ሁለተኛው ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ነው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ። በ1479 ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት ነው። በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በማተሚያ ታትሞ የወጣው እነዚህ መነኮሳት ሲያዜሙ የሰማ አንድ ጀርመናዊ ልቡ ተነክቶ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና 49 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። ዘመን ተሻግሮ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁትም እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዘወትር ክፍት አይደለም፤ ያለበትን አካባቢ ማየት የሚቻለው ቀድሞ በሚያዝ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ጉብኝት ነው። ሌላው ዘዴ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት መውጣት ነው። 551 ደረጃ አለው፤ በሊፍት ከጀመራችሁ 320 ይቀራችኋል። ጫፉ ላይ ሁሉም ሰው ወደ አደባባዩ ያያል። እናንተ ወደ ጀርባው ዙሩ። ከታች በአትክልቱ መሐል ካህናት የሚማሩበትን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ፖርታ ካፔና ነው። ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የሜትሮ ፌርማታ ስትወጡ ከፊታችሁ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ፋኦ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት በ1937 መጥቶ የተተከለው ከፊቱ ነው። 24 ሜትር ርዝመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። የተመለሰው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን። በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ዛሬ ቦታው ላይ ሁለት የጥንት ዓምዶች አሉ፤ ለመስከረም 11ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት መታሰቢያ ናቸው። ስለ እኛ ሐውልት የሚናገር ነገር ፈልጋችሁ ዓይናችሁን አታድክሙ። መኪናው ያልፋል፣ ሰው ይሮጣል። እኔ እዚያ መቆም እወዳለሁ። ሮም ላይ የማይታየውን ለማየት የምሄድበት ብቸኛው ቦታ ነው። ባዶነቱ ደስ ይለኛል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ሰው ፖርታ ካፔናን ይምረጥ። መንገዱም ጥሩ ነው። ከዚያ በእግር ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ወጥታችሁ የብርቱካን ዛፎቹ ስፍራ ፀሐይ ስትጠልቅ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ታያላችሁ። በሌላው በኩል ወርዳችሁ ቴስታቾ ለእራት ትደርሳላችሁ። እኔ ለእንግዳ ሁሉ የመጨረሻውን ማታ የማደርገው እንዲህ ነው።

መንገድና ማደሪያ በአጭሩ

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ሁለት ባቡር አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 14 ዩሮ ነው፤ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል። ተራው ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ ጣቢያ ይቆማል። ቴስታቾ አካባቢ ካደራችሁ ተራው ይበልጣል። ቴርሚኒ ዙሪያ ማደር ለሻንጣ ይመቻል፤ ማታ ላይ ግን ደስ አይልም። እኔ ቴስታቾን እመርጣለሁ። የአውቶቡስና የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ይሠራል። ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ።

ውኃ አትግዙ። መንገድ ላይ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ ከ2,000 በላይ አለ፤ ናሶኒ ይሉታል፣ ትልልቅ አፍንጫ ማለት ነው። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት። ውኃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳታጎነብሱ ትጠጣላችሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው።

የኮሎሲየም ትኬት ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ለሽያጭ ይወጣል። የቦርጌዜውም ቶሎ ያልቃል። የአውሮፕላን ትኬት ከቆረጣችሁ ሆቴሉን ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ያዙ። ካርቾፎውን የምትፈልጉ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኑ።